ለሰው የማይቆም መኪና

ሃያ ዓመት ሙሉ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነድቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሞተር ጠፍቶብኝ አያውቅም ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ሲጠፋ ምክንያቱን አውቀው ነበር። ናፍጣው ቆሽሿል፣ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይም እኔው ራሴ ፍሪሲዮኑን ቸኩዬ ለቅቄዋለሁ። ወርጄ ኮፈኑን እከፍታለሁ፣ እሳደባለሁ፣ አስተካክዬ እሄዳለሁ። ወገቤ ከባድ መኪና አልችልም ሲለኝ ሰመራ መጥቼ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኜ ተቀጠርኩ። የተሰጠኝ መኪና አራቱም ጎማዎቹ የሚጎትቱ አውቶማቲክ ነበር። ፍሪሲዮን የለው፣ ማርሽ መቀየር የለው። የድሮ ጓደኞቼ ሎግያ ሻይ ቤት ሲያገኙኝ እንኳን ለጡረታ አበቃህ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም ጡረታ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።

መኪናው አስፋልት ላይ እንከን አይወጣለትም። ከሰመራ እስከ አዋሽ ብትነዳው አንድ ጊዜ አያስልም። ከአስፋልቱ ወርዶ አሸዋና ድንጋይ ሲረግጥ፣ ቀስ ብሎ ሄዶ ሊቆም ሲል ግን ጸጥ ይላል። አይንቀጠቀጥም፣ አያጉረመርምም፣ ዝም ብሎ ይጠፋል። አንዴ ከጠፋ ደግሞ ሙቀቱ እስኪበርድለት አይነሳም፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በአፋር ፀሐይ ኮፈን ከፍቶ ብረት እስኪበርድ መጠበቅ ምን እንደሆነ ያልጠበቀ ሰው አያውቀውም። ብረቱ ሳይበርድ ሰውየው ይበስላል።

የማመላልሳት አንዲት ነርስ ነበረች። አሳይታ ተወልዳ ያደገች አፋር ናት። ሁሉም ሲስተር ይላታል፤ እኔም ሲስተር እላታለሁ፤ እሷ በዕድሜ ስለምበልጣት ጋሼ ትለኛለች። በሳምንት ሁለት ቀን የክትባት መድኃኒት በበረዶ ሳጥን ይዘን፣ ከብቶቻቸውን እየነዱ ከቦታ ቦታ ወደሚዘዋወሩት ሰዎች እንወርዳለን። የሲስተር ሰዓት እጇ ላይ የታሰረው አልነበረም፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ነበር። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱን ትደፋዋለች። የማይሠራ ነገር ለልጅ ወግቼ እናቱን አላታልልም ትል ነበር። ስለዚህ መኪናው በጠፋ ቁጥር እኔ ኮፈኑ ሥር አንገቴን ቀብሬ ስራገም፣ እሷ ሳጥኑን በሻሿ ሸፍና ጥላ ፍለጋ ትንከራተታለች። አንድም ቀን አልተናገረችኝም፤ እሱም ያናድደኝ ነበር።

አመለከትኩ። ለመሥሪያ ቤቱ ደጋግሜ አመለከትኩ። በመጨረሻ አዋሽ የሚገኝ ጋራዥ ላኩኝ። እዚያ ፊልትሮ ቀየሩ፣ አቧራ አራገፉ፣ ጨርሰናል ብለው ሸኙኝ። ገዋኔን ሳልፍ ውሃ ሽንት አጣደፈኝና ከመንገዱ ወጣ ብዬ ልቆም ስል ጠፋ። እዚያው ቆሜ አንድ ሰዓት የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች ስቆጥር አረፈድኩ። የማውቃቸው ሾፌሮች ሳይቀሩ ክላክስ እየነፉብኝ ያልፋሉ።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ እዚያው ጋራዥ ያሉ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ እስቲ አብረን እንውጣ አሉኝ። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳለው ድንጋያማ ሜዳ ወሰድኳቸው። እሳቸው ግን ሞተሩንም አይሰሙም፣ መንገዱንም አያዩም፤ አንገታቸውን ደፍተው የኔን እግሮች ብቻ ይመለከታሉ። በውስጤ፣ እኚህ ሰውዬ ጫማ ሊገዙ ነው እንዴ የመጡት እላለሁ። አንድ ጉድጓድ ጋ ደርሼ ልቆም ስል መኪናው እንደ ልማዱ ጸጥ አለ። ሽማግሌው በረጅሙ ሳቁ።

«ልጄ፣ የዚህ መኪና በሽታ ግማሹ የራሱ ነው። ግማሹ የግራ እግርህ ነው» አሉኝ።

ሃያ ዓመት የለመደው ግራ እግሬ፣ መኪናው ሊቆም ሲል ፍሪሲዮን ፍለጋ ይወረወራል። ፍሪሲዮን ስለሌለ የሚያገኘው ፍሬኑን ነው። ፍሪሲዮን እንደሚረገጥ እስከ ወለሉ ድረስ ይረግጠዋል። መኪናው ገና ማርሽ ውስጥ እያለ ጎማዎቹ ቀጥ ይላሉ፣ ሞተሩም አብሮ ቀጥ ይላል። ጤነኛ አውቶማቲክ ይህን ይችለዋል። የኔው ግን ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚተነፍስበት ዙር፣ ሲሞቅ በጣም ይወርዳል። የሚቀየረው ዕቃ ከአዲስ አበባ ይምጣ ተብሎ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። ደብዳቤው እስካሁን ተጽፎ እንዳለ ነው።

ሽማግሌው ዕቃው እስኪመጣ በእግርህ ንዳ አሉና አስተማሩኝ። ግራ ጫማዬን እንዳወልቅ አዘዙኝ፤ ጫማ ያጠለቀ እግር ፍሬንን ከፍሪሲዮን አይለይም፣ ባዶ እግር ግን ይሰማዋል ብለው። ቀስ ብዬ ስሄድ ግራው ፍሬኑን እንዲዳስስ፣ ቀኙ ነዳጁን በጥቂቱ ይዞ እንዲቆይ፣ ሞተሩ መቼም ትንፋሽ እንዳያጥረው። ሊቆም ሲል ቀድሞ ማርሹን ዜሮ ማድረግ። ኤሲውን ማጥፋት። ቆሞ ባለበት መሪውን እስከ መጨረሻው አለመጠምዘዝ። በባዶ ግራ እግር ያንን ሜዳ እስከ ቀትር ስዞር አረፈድኩ፤ ያላበኝ ላብ የጅቡቲ ወደብ ላይ እንኳ አላበኝም። ልሰናበታቸው ስል ደግሞ አሸዋ ላይ ከሁሉም የሚሻለው አለመቆም ነው አሉኝ። ከትምህርቱ ሁሉ ለጆሮዬ የጣፈጠው ይህ የመጨረሻው ነበር።

አሸዋ አሉኝ እንጂ ሰው አላሉኝም።

አፋር ምድር ላይ ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ዝም ብለው አይተላለፉም። ዳጉ አለ። ይቆማሉ፣ ጊዜ ካለም ይቀመጣሉ፤ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላሉ። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት በቀለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወዴት ሰፈረ። እያንዳንዱም የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ቀጥሎ ላገኘው ያቀብላል። ሰመራ ስኖር ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ አውቃለሁ። ለኔ ግን ሥራ የፈታ ሰው ወሬ ነበር። ሲስተር በየመንገዱ አንድ ሰው ባየች ቁጥር ቁም ትለኛለች። ስቆም መኪናው ይጠፋል፣ ሲጠፋ በረዶው ይቀልጣል፣ በረዶው ሲቀልጥ ተመልሰን እንሄዳለን። ከሽማግሌው ትምህርት በኋላ እንቢ ለማለት ምክንያት አገኘሁ። መካኒኩ አትቁም ብለውኛል አልኳት።

ያን ቀን ከሰመራ የወጣነው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ገደማ ነበር፤ ደጋ ላይ የዘነበው የአዋሽን ወንዝ ሞልቶት ሰንብቷል። ከአዳይቱ አለፍ ብሎ ወንዙ ዳር ወደሰፈሩ ሰዎች፣ በዚህ ቀን እንመጣለን፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጠብቁ የሚል መልእክት ሲስተር ሳምንት ቀደም ብላ በዳጉ ልካለች። ባለፈው ዓመት ኩፍኝ እዚያ ሰፈር ገብቶ ልጆች ወስዶ ስለነበር እናቶቹ በጉጉት እንደሚጠብቁ ነግራኛለች። ሳጥኑን ከኋላ በገመድ ጠፍሬ አሰርኩት። ግራ ጫማዬን ከመቀመጫው ሥር ከተትኩ።

ከአስፋልቱ ወጥተን ፕሮሶፒስ በሚሉት እሾሃማ ቁጥቋጦ መሐል ስንሄድ መኪናው አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ቀኝ እግሬ ነዳጁን ይዞ፣ ግራው ፍሬኑን እየዳሰሰ፣ አሸዋውን ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ ሰነጠቅነው። ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። መንገዱ ሁለት ቦታ የሚከፈልበት ጋ ስንደርስ አንድ ሰው ግራር ሥር ቆሞ አየን። በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞታል። ሲያየን እጁን አነሳ።

«ጋሼ፣ ቁም» አለች ሲስተር። «ይሄ ሰው ለኛ ነው የቆመው።»

«ብቆም ይጠፋል፤ ቢጠፋ በረዶሽ ይቀልጣል» አልኳት። «የትኛው ይሻልሻል፣ በረዶው ወይስ ወሬው?»

በመስታወት ሳይ ሰውየው ጥቂት እርምጃ ከኋላችን ሮጠ፤ ከዚያ ቆመ። እጁ ግን አልወረደም። አቧራችን ሸፈነውና ጠፋን። እውነቱን ልናገርና ደስ ብሎኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናውን እኔ ነዳሁት እንጂ እሱ አልነዳኝም ብዬ አሰብኩ።

ሰፈሩ ጋ ስንደርስ ማንም የለም። ጎጆዎቹ ተነቅለዋል። የቀረው የእሳት አመድና የፍየል በጠጥ ነው፤ እሱም ረጥቦ ተበታትኗል። ወንዙ ወጥቶ መሬቱን ልሶት ተመልሷል። ያንን ባዶ ሜዳ ሳይ ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ግራ እግሬ ያ ሁሉ ትምህርት ከመቅጽበት ጠፍቶት የሃያ ዓመት ልማዱን ፈጸመ። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጠው። መኪናው ጭቃው መሐል ጸጥ አለ።

አርባ ደቂቃ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ጠበቅን። ጥላ የሚባል ነገር የለም። መኪናውን ሰደብኩ፣ መሥሪያ ቤቱን ሰደብኩ፣ ያልመጣውን ዕቃና የመጣውን ወንዝ ሰደብኩ። አለመቆም ይሻላል ያሉኝን ሽማግሌም አልማርኳቸውም። ራሴ ላይ የደረስኩት ሁሉንም ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሲስተር ሳጥኑን ከፈት አድርጋ በእጇ ዳሰሰችና ቶሎ ዘጋችው።

«ሰውየው ይነግረን ነበር» አለች።

ሞተሩ በስንት ልመና ሲነሳ በመጣንበት ተመለስን። ሰውየው እዚያው ግራር ሥር ነበር። እንደዚያ ባልፈው እንኳ አልሄደም። አሁን ማርሹን ቀድሜ ዜሮ አደረግሁ፤ ቀኝ እግሬ ነዳጁን በጥቂቱ ያዘ፤ ባዶው ግራ እግሬ ፍሬኑን ቀስ ብሎ ጨመቀው። መኪናው አሸዋው ላይ ቆመ፤ ሞተሩም አልጠፋም። እንደዚህ ቆሞ ሲተነፍስ ሰማሁት። ጠዋትም ይቻል ነበር ማለት ነው። እስከ ቀትር በላብ የተማርኩትን ትምህርት ለዚያ ሰው ልጠቀምበት አልፈለግሁም እንጂ ይቻል ነበር።

ሰውየው አልቸኮለም። መስኮቱ ጋ መጥቶ ሰላምታውን አደረሰ፤ የሲስተርን ቤተሰብ ጠየቀ፣ የሰመራን ደህንነት ጠየቀ፣ እንስሳቱን፣ ዝናቡን ጠየቀ። እሷም አንድ በአንድ መለሰች። እኔ መሪውን ጨብጬ የምይዘው የምለቀው ጠፍቶኛል። ከዚያ የራሱን ነገረን፤ ሲስተር ተረጎመችልኝ። ወንዙ ከሦስት ቀን በፊት ወጥቶ ሰዎቹ በግራ በኩል ወዳለው ድንጋያማ ከፍታ ሄደዋል። እሱን፣ የሐኪሞቹ መኪና እንዳይሳሳት መገንጠያው ላይ ቁም ብለው ልከውታል። ከጎህ ጀምሮ እዚያ የቆመው ለኛ ነው። ይህን ሲናገር አልተቆጣም፤ እንደተደረገው ነው የነገረን።

ከፍታው ላይ ስንደርስ ቀትር አልፏል። አርባ የሚሆኑ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከጠዋት ጀምሮ ጠብቀው ነበር። ያገኘናቸው ዘጠኝ ናቸው። ሌሎቹ ከብት ሳይጠጣ አይውልምና ሄደዋል። ሲስተር የተረፈውን በረዶ እያየች በችኮላ ዘጠኙን ልጆች ወጋች፤ የቀረውን መድኃኒት ደረቅ መሬት ላይ ስትደፋው እኔ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞርኩ። ከእናቶቹ አንዷ ስለ አንዲት ሴት ነገረቻት። መንታ ልጆች ነበሯት፤ አንዱን ባለፈው ዓመት ኩፍኝ ወሰደባት። የቀረውን አዝላ አንድ ቀን ሙሉ በእግሯ መጥታ ነበር። ከሁሉም በላይ የጠበቀችው እሷ ናት። ቤተሰቧ ግመሎቹን ይዞ ወንዙን ተሻግሯል፤ ዳግመኛ ሳይሞላ መከተል ስላለባት፣ እኛ ከመድረሳችን ጥቂት ቀደም ብላ ተነስታ ሄደች።

ሰዓቱን አሰላሁት። እኔ ባዶው ሜዳ ላይ ኮፈን ሥር ሆኜ ሰማይና ምድሩን ስራገም፣ ያቺ ሴት ልጇን አቅፋ መንገድ መንገዱን ታይ ነበር። አፈርኩ።

የዚያን ቀን ነገር በዳጉ ሄደ። ሳይጨመር ሳይቀነስ ነው የሄደው፤ ቢጨመርበት ኖሮ ውሸት ነው ብዬ እከራከር ነበር። ሚሌ ላይ ሻይ ስጠጣ አንድ ሰው ቀርቦ አየኝና፣ ለሰው የማይቆመው ሾፌር አንተ ነህ ወይ አለኝ። አሳይታ ገበያ ላይ ሌላው ጠየቀኝ። በግራ እግሩ ጫማ አያደርግም የሚለውንም ያውቃሉ። አንዳቸውም አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ እኔም እችልበታለሁ። እነሱ ግን የሰሙት እውነት መሆኑን ብቻ አጣርተው፣ እሺ ብለው ይሄዳሉ።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም እቆማለሁ። ፍየል ለሚጠብቅም፣ ግመል ለሚነዳም፣ ጥላ ሥር ለተኛም። ማርሽ ዜሮ፣ ቀኝ እግር ነዳጁ ላይ፣ ባዶ ግራ እግር ፍሬኑ ላይ፤ ሞተሩ አይጠፋም። ያገኘሁትን ሁሉ በሲስተር አፍ የማስጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የመንታዎቹን እናት ያያት አለ ወይ? አለ። ሁልጊዜም ያያት አለ። ከሳምንት በፊት በዚህ አልፋለች ይሉኛል። እዚያ ስንደርስ ትናንት ሄዳለች ይባላል። ከዚያ ወንዙ ማዶ ናት፤ ከዚያ ወደ ኮረብታዎቹ ወጥታለች። ወራት አለፉ። አንዳንዴ ከመኪናው ሸሽታ የምትሄድ እየመሰለኝ ደሜ ይፈላል፤ መልሼ ደግሞ፣ የምትሸሽበት ምክንያት መቼ አጣች እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሰመራ ወደ አሳይታ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ አንድ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ቆመው አገኘናቸው። እንደ ልማዴ ቆምኩ። ሽማግሌው ከሲስተር ጋር ሲነጋገሩ ቆዩ፤ ዓይናቸው ግን ከኔ ላይ አልተነሳም። ሲስተር ስትጨርስ ወደኔ ዞረች።

«የመንታዎቹ እናት ልካቸው ነው» ብላ ተረጎመችልኝ። «ልጁ ደህና ነው፣ አልተከተበም። ማክሰኞ እዚህ ዛፍ ሥር ልታመጣው ትችላለች። ግን መጀመሪያ አንድ ነገር አይተው ይንገሩኝ ብላቸዋለች።»

«ምን?»

«ያ መኪና አሁን ለሰው ይቆማል ወይ።»

ይኸው ቆሜ የለም እንዴ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሽማግሌው የሚያዩትን አየሁ። ኮፈኑ ይንዘፈዘፋል፣ ጭሱ ይወጣል፣ አንዱ እግሬ ፍሬን ላይ፣ ሌላው ነዳጅ ላይ ነው። እኔ እንዲህ የማደርገው ሞተሩ እንዳይጠፋ ነበር፤ ለሳቸው ግን ያ ሊሄድ የተዘጋጀ መኪና ነው። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፣ ሞተሩ ግሏል፣ ኋላ ሳጥን ውስጥ ግማሽ ቀን የሚቆይ በረዶ አለ። ሲስተርን አየኋት። ሳጥኑን ይዛ ወደ ጥላው ለመውረድ በሩን መክፈት ጀምራ ነበር።

ቁልፉን አዞርኩና ሞተሩን በገዛ እጄ አጠፋሁት። ጫማዬን እንኳ ሳላጠልቅ ወረድኩ፤ አሸዋው ግራ እግሬን ለበለበው። ዛፉ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው በትራቸውን አጠገባቸው አጋድመው ፊት ለፊቴ ተቀመጡና፣ በሲስተር አፍ መጀመሪያ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ።